ስቲቨን ኮል ክሌይኒ

ስቲቨን ኮል ክሌይኒ (እ.ኤ.አ. ጃንዩዋሪ 5 ቀን 1909 – ጃንዩዋሪ 25 ቀን 1994) አሜሪካዊ የሒሳብና የሥነ አመክንዮ ሊቅ ነበር። ከአሎንዞ ቸርች፣ ከኩርት ጎደል፣ ከአለን ቱሪንግና ከኤሚል ፖስት ጋር የሪከርሽን ንድፈ ሐሳብ መሥራቾች ከሚባሉት አንዱ ነው። ይህ የሒሳብ ዘርፍ የትኛው ጥያቄ በስሌት ሊፈታ እንደሚችል፣ የትኛው ደግሞ በምንም ዓይነት የስሌት ዘዴ ሊፈታ እንደማይችል ያጠናል።

ከሥነ አመክንዮ ሊቃውንት ውጪ ክሌይኒ ይበልጥ የሚታወቀው ሬጉላር ኤክስፕሬሽን የተባለውን የአጻጻፍ ስልት በመፍጠሩ ነው። በዚህ ስልት የአንድን ጽሑፍ ቅርጽ በጥቂት ምልክቶች መግለጽ ይቻላል። ዛሬ በኮምፒውተር ላይ ጽሑፍ ለመፈለግ፣ ለመለየትና ለማረም በስፋት ያገለግላል። ክሌይኒ ግን ስልቱን የፈጠረው ጽሑፍ ለመፈለግ ሳይሆን የነርቭ ሴሎች መረብ ምን ለይቶ ማወቅ እንደሚችል ለመመርመር ነበር። በእርሱ ትርጉም አንድ መግለጫ የሚናገረው ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ስለ ሙሉው የምልክቶች ተርታ ነው። በኋላ የመጡት የፍለጋ ፕሮግራሞች ይህን ትርጉም ስላላሉት፣ አንድን መስመር በሙሉ ማመሳሰል ዛሬ ለብቻው የሚታዘዝ ነገር ሆኗል። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።)

የስሙ አጠራር

የቤተሰቡ ስም በብዙዎች ዘንድ ክሊኒ ወይም ክሊን ተብሎ ይነበባል። እርሱ ራሱ ግን ክሌይኒ ይለው ነበር። ልጁ እንደገለጸው ይህ አጠራር እርሱ በሚያውቃቸው ቋንቋዎች ሁሉ ትክክል አይደለም፤ አባቱ ራሱ የፈጠረው ይመስለዋል።

ልጅነትና ትምህርት

ክሌይኒ በዩናይትድ ስቴትስ፣ በኮኔቲከት ግዛት፣ በሃርትፎርድ ከተማ ተወለደ። አባቱ ጉስታቭ አዶልፍ ክሌይኒ የምጣኔ ሀብት ፕሮፌሰር፣ እናቱ አሊስ ሊና ኮል ደግሞ ገጣሚ ነበሩ። ቤተሰቡ በሜይን ግዛት እርሻ ነበረው፤ ክሌይኒም ዕድሜውን በሙሉ ይህን ቦታ እንደ ቤቱ ይቆጥረው ነበር። የመጀመሪያ ዲግሪውን በ1930 ከአምኸርስት ኮሌጅ በከፍተኛ ማዕረግ ካገኘ በኋላ ወደ ፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ ሄዶ በአሎንዞ ቸርች አመራር ሥነ አመክንዮ ማጥናት ጀመረ።

በፕሪንስተን

በዚያን ጊዜ ቸርች ለሥነ አመክንዮና ለሒሳብ ሁሉ መሠረት ይሆናል ብሎ ያሰበውን አዲስ ሥርዓት ያዘጋጅ ነበር። ለክሌይኒ የተሰጠው ሥራ በዚህ ሥርዓት ውስጥ የሙሉ ቁጥሮችን ሒሳብ መገንባት ነበር። በሥርዓቱ ውስጥ ቁጥሮች ራሳቸው እንደ ፈንክሽን ይጻፋሉ። መደመርና ማባዛት ብዙም አላስቸገሩም። ከአንድ ቁጥር አንድ ቀንሶ ከእርሱ በፊት ያለውን ማግኘት ግን አስቸጋሪ ሆነ፤ ቸርች ራሱ ነገሩ አይቻልም ወደ ማለት ተቃርቦ ነበር። ክሌይኒ መፍትሔው የታየው በ1932 የጥበብ ጥርሱን ሊነቀል ጥርስ ሐኪም ዘንድ በሄደበት ጊዜ ነበር። ይህ ከተገኘ በኋላ ላምዳ ካልኩለስ የተባለው የሥርዓቱ ክፍል ከተጠበቀው እጅግ የበለጠ ኃይል እንዳለው ታየ።

ነገር ግን ሥርዓቱን በጥልቀት ያጠናው ክሌይኒ ጉድለቱንም አገኘ። ከባልደረባው ከጆን ባርክሊ ሮሰር ጋር የቸርች ሥርዓት ራሱን በራሱ እንደሚቃረን አረጋገጡ። ውጤቱ በ1935 የታተመ ሲሆን የክሌይኒና የሮሰር ፓራዶክስ ይባላል። ሁለቱም የቸርች ተማሪዎች ስለነበሩ፣ መምህራቸው ለዓመታት የደከመበትን ሥርዓት ያፈረሱት ተማሪዎቹ ራሳቸው ሆኑ። ቸርች ግን ከፍርስራሹ ላምዳ ካልኩለስን ለይቶ አወጣ፤ ይህም ክፍል ከቅራኔ ነጻ መሆኑ ተረጋገጠ። ክሌይኒ የዶክትሬት ዲግሪውን በ1934 አገኘ።

በዚሁ ጊዜ ቸርች አንድ ሐሳብ አቀረበ፤ በዘዴ ሊሰላ የሚችል ማንኛውም ፈንክሽን በላምዳ ካልኩለስ ሊጻፍ ይችላል የሚል ነበር። ክሌይኒ መጀመሪያ ይህን ሐሳብ ለማፍረስ ሞከረ። ሙከራው እንደማይሳካ ሲረዳ ግን በአንድ ሌሊት ደጋፊ ሆነ። በ1936 ባሳተማቸው ጽሑፎች በላምዳ ካልኩለስ የሚጻፉት ፈንክሽኖችና ጎደል ሪከርሲቭ ብሎ የለያቸው ፈንክሽኖች አንድ መሆናቸውን አረጋገጠ። ይህ ሐሳብ ዛሬ የቸርች ቴሲስ በሚባለው ስም እንዲታወቅ ያደረገውም ክሌይኒ ነው።

ዊስኮንሲንና የጦርነቱ ዘመን

በ1935 በማዲሰን ከተማ በሚገኘው የዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ መምህር ሆነ። ከ1939 እስከ 1940 በፕሪንስተን የከፍተኛ ጥናት ተቋም ቆይቶ የሪከርሽን ንድፈ ሐሳብን መሠረት አሰፋ። በ1941 ወደ ቀድሞ ኮሌጁ ወደ አምኸርስት ተመለሰ፤ በ1942 ናንሲ ኤሊየትን አገባ፤ አራት ልጆችም ወለዱ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በአሜሪካ ባሕር ኃይል ውስጥ በኒው ዮርክ ለመኮንንነት ዕጩዎች የመርከብ ጉዞ አቅጣጫ ስሌት አስተማረ፤ ከዚያም በዋሽንግተን በባሕር ኃይሉ የምርምር ላቦራቶሪ ሠራ። ከጦርነቱ በኋላ በ1946 ወደ ዊስኮንሲን ተመልሶ በ1948 ሙሉ ፕሮፌሰር ሆነ። ከዚያ በኋላ እስከ ጡረታው ድረስ ዩኒቨርሲቲውን አልለቀቀም።

በ1952 ያሳተመው የሜታማቴማቲክስ መግቢያ የተባለው መጽሐፍ ለብዙ አሥርተ ዓመታት ሥነ አመክንዮን ለሚያጠኑ ሁሉ ዋና መማሪያ ሆኖ አገልግሏል።

የነርቭ መረቦችና የክሌይኒ ኮከብ

በ1943 የነርቭ ሐኪሙ ዋረን መካሎክና ወጣቱ የሥነ አመክንዮ ተመራማሪ ዋልተር ፒትስ የአንጎልን ሴሎች በሥነ አመክንዮ የሚገልጽ ሞዴል አሳትመው ነበር። በሞዴሉ ውስጥ ጊዜ በእኩል ምቶች ይከፈላል፤ እያንዳንዱ ሴል በእያንዳንዱ ምት ወይ ይነቃል ወይ ዝም ይላል። ክሌይኒ በ1951 ክረምት በካሊፎርኒያ ወደሚገኘው ራንድ ኮርፖሬሽን ተጋብዞ ሲሄድ ይህን ጽሑፍ አጠና። ያነሳው ጥያቄ ቀላል ይመስላል፤ ብዛታቸው የተወሰነ ሴሎች ያሉት መረብ እስካሁን ከደረሱት ምልክቶች የትኛውን ታሪክ ከሌላው ለይቶ ማወቅ ይችላል?

መልሱን ለመስጠት አንድ የአጻጻፍ ስልት አወጣ። ስልቱ ከነጠላ ምልክቶች ይነሳና ሦስት ድርጊቶችን ብቻ ይጠቀማል። የመጀመሪያው ምርጫ ነው፤ ይህ ወይም ያ። ሁለተኛው ማስከተል ነው፤ ይህ ከዚያም ያ። ሦስተኛው ድግግሞሽ ነው፤ ይህ ምንም ጊዜ፣ አንድ ጊዜ ወይም የፈለገውን ያህል ጊዜ። ለድግግሞሽ የተጠቀመበት የኮከብ ምልክት ዛሬ የክሌይኒ ኮከብ ይባላል። በእነዚህ ድርጊቶች ሊጻፉ የሚችሉትን ታሪኮች ሬጉላር ብሎ ሰየማቸው፤ ስሙ ግን እርሱን ራሱን ብዙም ስላላረካው የተሻለ የሚያገኝ ቢኖር እንደሚቀበል በጽሑፉ ገልጿል። ሌላ ስም ስላልመጣ ሬጉላር የሚለው ቃል እንደጸና ቀረ።

ዋናው ውጤት ዛሬ የክሌይኒ ቲዎረም የሚባለው ነው። ብዛቱ የተወሰነ ሁኔታ ያለው ማንኛውም መሣሪያ ለይቶ የሚያውቀው ነገር በዚህ ስልት ሊጻፍ ይችላል፤ በዚህ ስልት የተጻፈውንም ሁሉ ለይቶ የሚያውቅ እንዲህ ዓይነት መሣሪያ ሊሠራለት ይችላል። ቲዎረሙ የኃይሉንም ወሰን ያሳያል። ለምሳሌ መጀመሪያ የተወሰኑ ሀዎች፣ ቀጥሎም ልክ በእነዚያ ብዛት ለዎች ያሉባቸውን ተርታዎች ሁሉ ብቻ የሚገልጽ ሬጉላር ኤክስፕሬሽን የለም፤ የሀዎቹ ብዛት ወሰን ስለሌለው፣ ብዛቱን ለመያዝ የተወሰነ ማስታወሻ አይበቃም።

ጽሑፉ በዲሴምበር 1951 የራንድ ማስታወሻ ሆኖ ተሠራጨ፤ በ1956 ደግሞ ክሎድ ሻነንና ጆን ማካርቲ ባዘጋጁት የአውቶማታ ጥናቶች መድብል ውስጥ ታተመ። በ1959 ማይክል ራቢንና ዳና ስኮት ያሳተሙት ጥናት የነርቭ ሴሎቹን ትቶ ነገሩን ዛሬ በኮምፒውተር ሳይንስ ትምህርት በሚታወቀው ቀላል መልክ አቀረበው።

ሙሉው ተርታ

በክሌይኒ ጽሑፍ ውስጥ መረቡ የሚፈርደው ከመጀመሪያው ምት እስከ አሁኑ ምት ባለው ሙሉ ታሪክ ላይ ነው። ሀ*ለ የሚለውን መግለጫ እንውሰድ። ትርጉሙ የፈለገውን ያህል ሀ ኖሮ በመጨረሻ አንድ ለ ማለት ነው። ስለዚህ ለ፣ ሀለ እና ሀሀሀለ ይስማማሉ። ሀለሀ ግን አይስማማም፤ በውስጡ ሀለ ቢኖርም ከለ በኋላ የቀረ ምልክት አለና። በክሌይኒ የመጀመሪያ አጻጻፍ ኮከቡ እንደዚህ ምሳሌ ሁልጊዜ በሁለት መግለጫዎች መካከል ይቆም ነበር፤ ዛሬ እንደምናውቀው ለአንድ መግለጫ ብቻ እንዲሠራ የተደረገው በኋላ ነው።

ይህ ስልት ወደ ጽሑፍ ፍለጋ የገባው በኬን ቶምፕሰን እጅ ነው። ቶምፕሰን በ1968 ባሳተመው አጭር ጽሑፍ ሬጉላር ኤክስፕሬሽንን ወደ አይቢኤም 7094 ኮምፒውተር የማሽን ትእዛዝ የሚለውጥና ጽሑፍን ፊደል በፊደል እያነበበ የሚፈልግ ዘዴ አቀረበ። ከዚያም ስልቱን ኢዲ በተባለው የዩኒክስ የጽሑፍ ማረሚያ ፕሮግራም ውስጥ አስገባው። ኢዲ ጽሑፍን መስመር በመስመር የሚያይ ፕሮግራም ስለሆነ፣ መስመር የፍለጋ መለኪያ ሆነ። በኢዲ ውስጥ በፋይሉ በሙሉ አንድ ቅርጽ ፈልገህ መስመሮቹን አሳይ የሚለው ትእዛዝ አጻጻፍ በ1973 ራሱን ለቻለው ግሬፕ የተባለ ፕሮግራም ስም ሆነ።

ፈላጊ የሚፈልገውን ነገር አብዛኛውን ጊዜ በመስመሩ መካከል ስለሚያገኘው፣ እነዚህ ፕሮግራሞች የክሌይኒን ትርጉም አላሉት። መግለጫው ከመስመሩ አንዱ ክፍል ጋር ከተስማማ መስመሩ በሙሉ ይታያል። ሰላም የሚለውን ቃል የሚፈልግ ሰው ሰላምታ የሚለውንም፣ በሰላም የሚለውንም መስመር ያገኛል። በሒሳብ ዓይን ሲታይ ግን ይህ ፍለጋ አዲስ ነገር አይደለም። ነጥብ ማንኛውንም አንድ ምልክት ስለሚወክል፣ ሰላም ብሎ መፈለግ .*ሰላም.* ከሚለው መግለጫ ጋር ሙሉውን መስመር እንደ ማመሳሰል ነው።

ወደ ክሌይኒ ትርጉም ለመመለስ ሁለት ምልክቶች ያገለግላሉ። ^ የመስመሩን መጀመሪያ፣ $ ደግሞ መጨረሻውን ያመለክታሉ። ሁለቱም ከፊደል ጋር ሳይሆን ከቦታ ጋር ብቻ ይስማማሉ። ስለዚህ ^ሰላም$ የሚስማማው ሰላም ከሚለው ቃል በቀር ምንም ከሌለበት መስመር ጋር ነው። ^$ ባዶ መስመርን ያገኛል፤ ^.*$ ደግሞ ባዶውን ጨምሮ ማንኛውንም መስመር ይቀበላል። ግሬፕ ውስጥ ኤክስ በተባለው ፊደል የሚታዘዝ አማራጭም አለ፤ እርሱ ምልክቶቹ ሳይጻፉ መግለጫው ከሙሉው መስመር ጋር ብቻ እንዲስማማ ያደርጋል።

በዚህ ላይ ተደጋግመው የሚታዩ ስሕተቶች አሉ። የመጀመሪያው ከምርጫ ምልክት ጋር የተያያዘ ነው። ^አዎ|አይ$ ተብሎ ሲጻፍ ምርጫው ከሁሉም ደካማ ማሰሪያ ስለሆነ፣ በአዎ የሚጀምር ወይም በአይ የሚጨርስ መስመር ሁሉ ይገባል። የተፈለገው ከሁለቱ አንዱ ብቻ ያለበት መስመር ከሆነ ^(አዎ|አይ)$ ተብሎ በቅንፍ መታሰር አለበት። ሁለተኛው በዓይን የማይታይ ነው፤ በመስመሩ መጨረሻ ባዶ ቦታ ወይም ከዊንዶውስ ፋይል የመጣ ተጨማሪ የመስመር መጨረሻ ምልክት ካለ፣ ትክክል የሚመስለው መስመር አይስማማም። ሦስተኛው የፊደል አቆጣጠር ነው። የግእዝ ፊደል በዩቲኤፍ 8 አጻጻፍ እያንዳንዱ 3 ባይት ይይዛል፤ ፕሮግራሙ በፊደል ሳይሆን በባይት የሚቆጥር ከሆነ፣ ሦስት ነጥቦች ያሉት ^...$ ሰላም የሚለውን ባለ ሦስት ፊደል ቃል አይቀበለውም፤ አንድ ፊደል ብቻ ያለበትን መስመር ግን ይቀበላል።

የልዩነቱ ክብደት የሚታየው ከውጭ የመጣን ጽሑፍ ለመቆጣጠር ሬጉላር ኤክስፕሬሽን ሲያገለግል ነው። አንድ ቅጽ ቁጥር ብቻ እንዲቀበል ተፈልጎ መግለጫው በሁለቱ ምልክቶች ካልታሰረ፣ በውስጡ አንድ ቁጥር ያለበትን ማንኛውንም ጽሑፍ ያስገባል። በአንዳንድ ቋንቋዎች ደግሞ ሁለቱ ምልክቶች የሚጠብቁት የእያንዳንዱን መስመር ዳር እንጂ የጽሑፉን በሙሉ ስላልሆነ፣ ብዙ መስመር ያለው ጽሑፍ አንዱ መስመር ትክክል በመሆኑ ብቻ ሊያልፍ ይችላል። በዚህ ምክንያት አዳዲስ ቋንቋዎች ሙሉውን ተርታ የሚያመሳስል የራሱ ትእዛዝ አላቸው። በጃቫ እንዲህ ያለው ትእዛዝ ይገኛል፤ በፓይተንም በ2014 በወጣው 3.4 እትም ተጨምሯል።

ዛሬ በሥራ ላይ ያሉ ብዙ ፕሮግራሞች ቀድሞ የተገኘውን የጽሑፍ ክፍል እንደገና እንዲጠቅሱ የሚያስችሉ ምልክቶች ጨምረዋል። እነዚህ ክሌይኒ ካስቀመጠው ወሰን ያልፋሉ፤ ቲዎረሙም አይመለከታቸውም። እየተመለሱ በመሞከር የሚሠሩ ፕሮግራሞች በአንዳንድ መግለጫ ላይ ጽሑፉ በጥቂት ፊደል ሲረዝም የሚወስዱት ጊዜ እጥፍ ድርብ ይጨምራል። በቶምፕሰን ዘዴ ግን ጊዜው የሚያድገው ከጽሑፉ ርዝመት ጋር በተመጣጠነ መልኩ ነው፤ ይህም ክሌይኒ ካረጋገጠው የተወሰነ ማስታወሻ የመጣ ጥቅም ነው።

ሌሎች ሥራዎቹ

ክሌይኒ በ1938 ራሱን የሚጠቅስ ፕሮግራም ሁልጊዜ ሊጻፍ እንደሚችል የሚያሳየውን የሪከርሽን ቲዎረም አሳተመ። በዚያው ዓመት ከእውነትና ከሐሰት ሌላ ያልታወቀ የሚል ሦስተኛ ዋጋ ያለውን አመክንዮም አቀረበ። በ1943 ሊሰሉ የማይችሉ ጥያቄዎችን በአስቸጋሪነታቸው ደረጃ የሚያስቀምጠውን የአሪቲሜቲክ ተዋረድ አስተዋወቀ። በ1945 ደግሞ የኢንቱይሽኒስት አመክንዮን ከስሌት ጋር ያገናኘውን ትርጓሜ አወጣ። ክሊፎርድ ስፔክተር፣ ጆን አዲሰን፣ ያኒስ ሞስኮቫኪስና ሮበርት ኮንስተብል የዶክትሬት ተማሪዎቹ ነበሩ።

አስተዳደርና የመጨረሻ ዓመታት

ከ1956 እስከ 1958 የሥነ አመክንዮ ማኅበር ፕሬዚዳንት ነበር። በዩኒቨርሲቲው የሒሳብን፣ በኋላም አዲስ የተቋቋመውን የኮምፒውተር ሳይንስ ክፍል መርቷል። ከ1969 እስከ 1974 የሥነ ጽሑፍና የሳይንስ ኮሌጅ ዲን ሆኖ አገለገለ። ዘመኑ በቬትናም ጦርነት ምክንያት የተማሪዎች ተቃውሞ የበረታበት ነበር፤ በኦገስት 1970 የጦር ሠራዊቱ የሒሳብ ምርምር ማዕከል በሚገኝበት የዩኒቨርሲቲው ሕንፃ ላይ ቦምብ ፈንድቶ አንድ ተመራማሪ ተገድሏል። በዚያው ዓመት ባለቤቱ ናንሲ አረፈች። በ1978 ጂን ዶንን አገባ፤ በ1979 ጡረታ ወጣ። ተራራ መውጣት ይወድ ነበር፤ ለተፈጥሮ ጥበቃም ይቆረቆር ነበር።

በ1969 የአሜሪካ ብሔራዊ የሳይንስ አካዳሚ አባል ሆኖ ተመረጠ። በ1983 ከአሜሪካ የሒሳብ ማኅበር የስቲል ሽልማትን፣ በ1990 ደግሞ የአገሪቱን ከፍተኛ የሳይንስ ሜዳይ ተቀበለ። በ85 ዓመቱ በማዲሰን ከተማ አረፈ። የዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ የሒሳብ ቤተ መጻሕፍት በስሙ ተሰይሟል። በሥነ አመክንዮና በኮምፒውተር ሳይንስ ውስጥም የክሌይኒ ኮከብ፣ የክሌይኒ ቲዎረም፣ የክሌይኒ አልጀብራና የክሌይኒ ሦስት ዋጋ አመክንዮ ስሙን ይዘው ይገኛሉ።